ቱፓክ ወይስ ቢጊ፣ ዊትኒ ወይስ ማራያ? የዘጠናዎቹን የውጭ ሙዚቃ ለሚጀምር ጆሮ

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሁድ ቡና እየተጠጣ ሳለ ስልኳን አቀበለችኝ። «ጋሼ፣ የዘጠናዎቹን ሙዚቃ ልጀምር ብዬ ነበር። ይኸው፣ የቱን ልስማ?» አንድ ፕሌይሊስት ከፍታለች። ኒርቫና አለ። ከሥሩ ሴሊን ዲዮን። ከእሷ ሥር ቱፓክ፣ ከዚያ ስፓይስ ገርልስ። ክትፎ፣ አይስክሬም፣ በሶና ቺፕስ በአንድ ሳህን ቀርቦ «ብዪ» እንደመባል ነው። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትወጂው?» አልኳት። «ሁሉንም» አለችኝ። ሁሉንም እወዳለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ገና አልመረጠም።

ሦስተኛው ቡና እስኪወጣ እያነጻጸርን መረጥን። እዚህ የምጽፈው ያንን ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ዘጠናዎቹ ስል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከ1990 እስከ 1999። በእኛ ከ1982 እስከ 1992 ግድም መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። ደግሞ «የፈረንጅ ዘፈን» የምንለው ነገር ብዙው የጥቁሮች ሥራ ነው። አጠራሩ ግን ለምዶብናል፤ እኔም እዚህ አላርመውም።

መጀመሪያ ጆሯችሁን እወቁ

«ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ለካፌ ክርክር ጥሩ ነው። ለመምረጥ ግን አይረዳም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስትሰሙ ልባችሁ የሚከተለው ቃሉን ነው ወይስ ድምፁን? የምትሰሙትስ የት ሆናችሁ ነው?

እኛ አገር ሰው ግጥም ላይ ይቆማል። አዲስ ዘፈን ሲወጣ «ምን ለማለት ነው?» ብለን ሰሙን ከወርቁ ካልለየን እንቅልፍ የለንም። በማናውቀው ቋንቋ ስንሰማ ግን ይህ ልማድ ያስቸግረናል። አንዳንዱ አርቲስት ሙሉ በሙሉ በቃል የተሠራ ነው። እንግሊዝኛው እየፈጠነ ካመለጣችሁ የሚቀርላችሁ ምቱ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ አንድም ቃል ሳይገባችሁ ሆዳችሁን ያባባዋል። ስለዚህ ቋንቋው ገና ከሆነ በድምፅ ጀምሩ። ግጥሙ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ቦታውም ያው ነው። ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቃችሁ የምትሰሙትና ማታ መብራት አጥፍታችሁ የምትሰሙት አንድ ሊሆን አይችልም።

ሌላው ሰው የሚያሳስተው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። «ይሄን ያህል ሳምንት አንደኛ ሆነ» እየተባለ ይወራል። እኔም ከዚህ በታች አወራዋለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። እስከ 1991 ድረስ የአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት ሽያጭ የሚያውቀው ለሙዚቃ ቤቶች እየደወለ በመጠየቅ ነበር። ሻጩ ስልኩ ላይ የመጣለትን ስም ይጠራል። ሻጩ ሮክ ወዳድ ከሆነ ሮክ አንደኛ ይወጣል። በግንቦት 1991 ሳውንድስካን የሚባል አሠራር መጣ። ባርኮዱ ሲነበብ ሽያጩ ይቆጠራል፤ በቃ። ያኔ ካንትሪና ራፕ ከታሰበው በላይ ሲሸጡ እንደኖሩ ታየ። የነጠላ ዘፈኖቹ ሰንጠረዥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። እስከ 1998 መጨረሻ ድረስ ለብቻው ታትሞ ያልተሸጠ ዘፈን እዚያ አይገባም ነበር። ኖ ዳውት የተባለው ባንድ በዚያ ሰበብ ጉድ ሆኗል። «ዶንት ስፒክ» የተባለ ዘፈናቸው በሬዲዮ ሰንጠረዥ 16 ሳምንት አንደኛ ሆኖ፣ ዋናው ሰንጠረዥ ላይ ግን ስሙ እንኳ የለም። ሰንጠረዥ አይታችሁ ብትመርጡ ይህን ዘፈን አታገኙትም ነበር።

ድምፅ ለሚወድ፦ ዊትኒ፣ ማራያ፣ ሴሊን

ሦስቱም ድምፃቸው ጣራ ይነቅላል። ሦስቱም የሚዘፍኑት ፍቅር ነው። ሲሰሟቸው ግን ይለያያሉ።

ዊትኒ ሂውስተን ከኒውአርክ፣ ኒው ጀርሲ ናት። ድምፅዋ የተገራው እናቷ ሲሲ ሂውስተን በምትመራው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። በ1992 «ዘ ቦዲጋርድ» ለሚባለው ፊልም የዘፈነችው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ዘፈኑ የእሷ አይደለም። የካንትሪዋ ዶሊ ፓርተን በሰባዎቹ የጻፈችው፣ ከሥራ ባልደረባዋ ስትለያይ የተሰነባበተችበት ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። ዶሊ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ትሄዳለች። ዊትኒ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ሰፈሩን ሁሉ ትሰናበታለች።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ካሴት እናስቀዳ ነበር። ባዶ ካሴት ይዘን ሙዚቃ ቤት እንሄዳለን፣ የዘፈን ዝርዝር በወረቀት እንሰጣለን፣ በነጋታው እንወስዳለን። እኔም «ስሎው» ብቻ አስቀዳሁ። ቀጂው ካሴቱ እስኪያልቅ ሞላልኝ፤ የዊትኒ ዘፈን የኤ ገጽ መጨረሻ ላይ ወደቀ። ዘፈኑ ውስጥ ሳክስፎኑ ካለፈ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ጸጥ ይላል። ድምፅ የለም፣ መሣሪያ የለም። የእኔ ካሴት ቀጭ ብሎ የቆመው እዚያ ላይ ነበር። ዓመት ሙሉ ዘፈኑ በጸጥታ እንደሚያልቅ አምኜ ኖርኩ። እንዲያውም «እንዴት ያምራል፣ ቃል አጥሯት ዝም አለች» እያልኩ ለጓደኞቼ አስረዳ ነበር። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ተከፈተ። ጸጥታው መጣ። «አለቀ» አልኩ በሆዴ። ድራሙ ዷ! ሲል ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። ድምፅዋ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ተመልሶ መጣ። ለካ ዘፈኑ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስለዚህ ዊትኒን በጥሩ ማዳመጫ፣ እስከ መጨረሻው ስሙ። መጀመሪያው ከግማሽ ደቂቃ በላይ ያለ ምንም መሣሪያ ነው። ትንፋሽ ስትወስድ ይሰማል። የምትይዘውና የምትለቀው ቦታ ላይ ነው ችሎታዋ።

ማራያ ኬሪ ሌላ ናት። የመጀመሪያ አልበሟ የወጣው በ1990 ነው። ድምፅዋ ከላይ ጫፍ ላይ ወደ ፉጨት ይለወጣል፤ ወፍ ነው የሚመስለው። አንዷን ፊደል ይዛ አሥር ቦታ ታዞራታለች። የእኛ ጆሮ ለዚህ ባዕድ አይደለም። ትዝታ ሲዘፈን ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሰምተን ያደግን ሰዎች ነን። ፈረንጁ «አበዛችው» ሲል እኛ «ቅላጼዋን ስማው!» እንላለን። ሰው የሚረሳው ደግሞ፣ ማራያ ከዘፈኖቿ አብዛኛውን በጋራ የጻፈች ዘፋኝ ናት። ዊትኒም ሴሊንም ባመዛኙ ሌላ ሰው የጻፈውን ነው የዘፈኑት። ከ«ዴይድሪም» (1995) ጀምሩ። በዚያው ዓመት «ፋንታሲ» የሚለውን ዘፈኗን ከዉ-ታንግ ክላኑ ራፐር ከኦል ደርቲ ባስታርድ ጋር እንደገና ሠራችው። ዛሬ ዘፋኝና ራፐር ተጣምረው ሲሠሩ ማንም አይገርመውም። ያኔ ግን ሙሽራን ከጠብደል ጎረምሳ ጋር ማስጨፈር ነበር።

ጎን ለጎን አንድ ነገር። የማራያን አልበሞች ያወጣው ኮሎምቢያ ነው። የእኛዋ አስቴር አወቀም «ካቡ» የተባለ አልበሟን በ1991 በአሜሪካ ያወጣችው በዚሁ በኮሎምቢያ ነው። በቅላጼ ማን ያሸንፍ ነበር? እኔ መልሴን አውቀዋለሁ።

ሴሊን ዲዮን ከካናዳዋ ኩቤክ ናት፣ የ14 ልጆች ቤት የመጨረሻዋ። «ታይታኒክ» ከወጣ በኋላ እኛ ሰፈር ሠርግ ላይም፣ ምርቃት ላይም፣ ዳቦ ቤት በር ላይም እሷ ነበረች። ጥቅሟ አንድ ነው፤ ቃሉን አጥርታ ትጠራለች። እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ከሦስቱ የምትሻለው እሷ ናት። ትልቁን ሙገሳ ያገኘው አልበሟ «ፎሊንግ ኢንቱ ዩ» ሲሆን በ1997 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወስዷል። እኔ ግን በፈረንሳይኛ ስትዘፍን ነው የምትመቸኝ። ዣን ዣክ ጎልድማን የጻፈላት «ዶ» (D'eux) የተባለው የ1995 አልበም አለ። እዚያ ላይ አትጮህም፤ ታወራችኋለች። ቃሉ ባይገባችሁም ሞክሩት።

አንዷን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ዊትኒ። በተደጋጋሚ ለመስማት ከሆነ ማራያ። ትልቅ ድምፅ ራሳችሁን የሚያዞራችሁ ከሆነ ደግሞ ሦስቱንም ተዉአቸውና ወደ ሻዴ ሂዱ። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን የተወለደች እንግሊዛዊት ናት። «ላቭ ዴሉክስ» (1992) ማታ ዝናብ ሲዘንብ የሚሰማ ነው። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ትጨርሰዋለች።

ቱፓክ ወይስ ቢጊ

ይህ ጥያቄ እኛ ከተማ ድሮ ተመልሷል ይመስለኛል። የፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው ቱፓክ ነው። የታክሲ መስታወት ላይ የተለጠፈው ቱፓክ ነው። ጎረምሳው ሻሽ ግንባሩ ላይ ያሰረው እንደ ቱፓክ ነው። ቢጊን የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። ቱፓክ ባይገባችሁም ይሰማችኋል። ቃሉን ይጎትተዋል፣ ይለቅቀዋል፣ ንዴቱም ሐዘኑም ከድምፁ ላይ ይነበባል። ባልቲሞር ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ትወና፣ ግጥም፣ ባሌ ሳይቀር። እናቱ አፌኒ ሻኩር ብላክ ፓንተር የተባለው የአሜሪካ ጥቁሮች የትግል ፓርቲ አባል ነበረች። ስሙንም በስፔኖች ላይ ካመፀው የፔሩ መሪ ነው የወሰደችለት።

በ1995 «ሚ አጌይንስት ዘ ወርልድ» ሲወጣ ቱፓክ እስር ቤት ነበር። አልበሙ እሱ ታስሮ ሳለ አንደኛ ሆነ። እዚያ ላይ ለእናቱ የዘፈነው ዘፈን አለ። ስለ እናት የተዘፈነ ዘፈን እኛ ዘንድ ሞልቷል፤ ሁሉም ግን ያወድሳል። ቱፓክ ያወድስና ሱሷንም፣ ችግራቸውንም አይደብቅም። ሁለቱን አንድ ላይ መስማት ልብ ይነካል። ቀጥሎ የመጣው «ኦል አይዝ ኦን ሚ» (1996) ድርብ አልበም ነው፤ 27 ዘፈን፣ ከሁለት ሰዓት በላይ። ለጭፈራ ጥሩ ነው። ለጀማሪ ግን ይበዛል። በዚያው ዓመት መስከረም ላስ ቬጋስ ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር።

ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. ወይም ቢጊ የብሩክሊን ልጅ ነው፣ እናቱ ጃማይካዊት። እሱን ለመውደድ ቃሉ ሊገባችሁ ይገባል። ጥሩ ወግ የሚያወጋ ሰው አይታችኋል? አይቸኩልም። ዝርዝሩን አይረሳም። ስለ ድህነቱ ሲናገር «ተቸግሬ ነበር» ብሎ አያልፍም፤ ለእራት ሰርዲን ስለመብላቱ ይነግራችኋል። ያ ሰርዲን ነው ቢጊ። ደግሞ ያስቃል፤ ቱፓክ እምብዛም አያስቅም። ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ አይታወቅም፤ ያን የሚያህል ሰውነት ይዞ ቃሉ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። «ሬዲ ቱ ዳይ» በ1994 ወጣ። ሁለተኛው አልበሙ የወጣው በመጋቢት 1997 ሎስ አንጀለስ ላይ ከተገደለ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። 24 ዓመቱ ነበር። ሁለት አልበም፣ አለቀ።

እኔ እንዲህ እመርጣለሁ። በስሜት የምትሰሙ ከሆነ ቱፓክ፣ «ሚ አጌይንስት ዘ ወርልድ»። እንግሊዝኛችሁ ሸጋ ከሆነና ታሪክ ከወደዳችሁ ቢጊ። ሁለቱንም ግን ሳሎን ውስጥ እናትና አባት ፊት አትክፈቱ። ስድቡ ብዙ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ማስጠንቀቂያ ለጌጥ አልተለጠፈም።

የእኔን ልብ የወሰደው ግን ሦስተኛ ሰው ነው። ናስ። የኒው ዮርኩ የኩዊንስብሪጅ የመንግሥት ቤቶች ልጅ። «ኢልማቲክ» በ1994 ሲወጣ 20 ዓመቱ ነበር። 10 ትራክ፣ 40 ደቂቃ ገደማ። የሚጣል ነገር የለበትም። ሽፋኑ ላይ የልጅነት ፊቱ ከሰፈሩ ፎቶ ላይ ተደርቧል። ልጁ ከግድግዳው ውስጥ የሚያያችሁ ይመስላል። ራፕ ለመጀመር አንድ አልበም ከተባልኩ ይሄንን እሰጣለሁ፤ ከሁሉም አጭሩ ስለሆነም ጭምር።

«ራፕ አይመቸኝም» ለሚል ሰው ደግሞ ሎሪን ሂል አለች። ፊውጂስ ከተባለው ቡድኗ ጋር «ዘ ስኮር»ን በ1996 ሠራች። ለብቻዋ በ1998 «ዘ ሚስኤጁኬሽን ኦፍ ሎሪን ሂል»ን አወጣች። በከፊል ኪንግስተን፣ ቦብ ማርሊ ባቋቋመው ተፍ ጎንግ ስቱዲዮ ነው የተቀዳው። በ1999 አምስት ግራሚ ወሰደች፣ የዓመቱን ምርጥ አልበም ጨምሮ። የሂፕሆፕ አልበም ያንን ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር። እሷ ስትዘፍንም ስትራፕም እኩል ናት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር አይታወቃችሁም። ይህንን አልበም ቤተሰብ ፊት ብትከፍቱም ብዙ አታፍሩም።

ጊታር ለሚደፍር፦ ኒርቫና ወይስ ፐርል ጃም

እኛ አገር ሮክ ሲከፈት «ቀንስልኝ እባክህ፣ ጩኸት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አልፈርድበትም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ስለዚህ ከጩኸቱ አትጀምሩ።

ሁለቱም ባንዶች ስማቸው የገነነው ከሲያትል ጋር ነው፤ ግራንጅ የሚባለው የሮክ ዓይነት ከተማ። ሁለቱም በ1991 አንድ ወር በማይሞላ ልዩነት አልበም አወጡ፤ ፐርል ጃም «ቴን»ን በነሐሴ፣ ኒርቫና «ኔቨርማይንድ»ን በመስከረም። እኛ ዘንድ ደርግ ከወደቀ አራት ወር አልሞላውም ነበር፤ በሙዚቃ ማንም አልተጨነቀም። በጥር 1992 «ኔቨርማይንድ» የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአንደኛነት አወረደው። ቀዳዳ ሹራብ የለበሱ ሦስት ልጆች የፖፑን ንጉሥ! ብዙ ሰው ዘጠናዎቹ የጀመሩት ያን ሳምንት ነው ይላል።

የኒርቫና ዘፈን አሠራሩ ቀላል ነው። በለሆሳስ ይጀምራል፣ አዝማቹ ላይ ይፈነዳል፣ ተመልሶ ይረጋል። ከርት ኮቤይን ግጥሙን አያብራራም። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹም አይገባቸውም፣ ስለዚህ እኩል ነን። ለጀማሪ የምመክረው ግን በኅዳር 1993 ኒው ዮርክ ላይ ለኤምቲቪ የተጫወቱትን «አንፕለግድ» ነው። ያ ሁሉ ጩኸት የለም። ኮቤይን መድረኩ በአበባና በጥቁር ሻማ እንዲሞላ ጠየቀ። «እንደ ቀብር?» ሲባል «አዎ» አለ። አምስት ወር ሳይሞላ ራሱን አጠፋ፣ በ27 ዓመቱ። የመጨረሻው ዘፈን የድሮ የሕዝብ ዘፈን ነው፤ እሱ የተማረው ከጥቁሩ ዘፋኝ ከሌድ ቤሊ ነው። መጨረሻው ስንኝ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቆም ይልና አንድ ትንፋሽ ይወስዳል። ያንን ትንፋሽ አዳምጡት። ሙሉ አልበሙ ለእሱ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ፐርል ጃም ይለያሉ። ድምፁ ወፍራም፣ ቅንብሩ ሰፊ ነው፣ ጊታሩ እንደ ድሮው ሮክ ረዘም ላለ ጊዜ ይጫወታል። ዘፋኛቸው ኤዲ ቬደር ሳንዲያጎ ውስጥ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ተረኛ ነበር። የባንዱ ልጆች ዜማ ብቻ ያለበት ካሴት ላኩለት። ግጥም ጻፈበት፣ ድምፁን ቀዳበት፣ መልሶ በፖስታ ላከው። ሥራ የተገኘው በዚህ ነው። ካሴት ስንቱን አገናኘ! ዝና ሲመጣ ኒርቫናን በላ። ፐርል ጃም ግን ሸሹት። ቪዲዮ መሥራት አቆሙ። በ1994 ከአንድ ትልቅ የኮንሰርት ትኬት ሻጭ ጋር በዋጋ ተጣልተው አሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ሄደው መሰከሩ። ዛሬም አሉ።

ለአንድ ማታ ኒርቫና። ረጅም መንገድ መኪና ለሚነዳ ፐርል ጃም።

ስለ እንግሊዞቹ ባጭሩ ላንሳ። ኦኤሲስ ከማንቸስተር፣ ብለር ከለንደን። ነሐሴ 14 ቀን 1995 ሁለቱ በአንድ ቀን ነጠላ ዘፈን አወጡ። ጋዜጣው የቡናና የጊዮርጊስ ደርቢ አስመሰለው። ብለር 274 ሺህ ሸጠ፣ ኦኤሲስ 216 ሺህ። በዓመቱ ግን ኦኤሲስ ኔብወርዝ ላይ በሁለት ማታ 250 ሺህ ሰው ሰበሰበ። ብለር የእንግሊዝን ኑሮ እየቀለደ ይተቻል፤ እዚያ ላልኖረ ሰው ቀልዱ ግማሹ ያልፈዋል። ኦኤሲስ ለመዝፈን ነው፤ አዝማቹን አንዴ ሰምታችሁ ሁለተኛው ላይ አብራችሁ ትሉታላችሁ። የኦኤሲስ ሁለት ወንድማማቾች በ2009 ተጣልተው ተለያዩ፣ በ2025 ታርቀው ወደ መድረክ ተመለሱ። ትዕግሥት ላለው ደግሞ ሬዲዮሄድ፣ «ኦኬ ኮምፒውተር» (1997)። መጀመሪያ ላይ ምንም አይመስልም። አራተኛው ላይ ትመለሱበታላችሁ።

የቀሩት፣ ባጭር ባጭሩ

ቦይዝ ቱ ሜን ወይስ ባክስትሪት ቦይስ? ድምፅ ለድምፅ ሲደራረብ መስማት የሚወድ የፊላደልፊያዎቹን ቦይዝ ቱ ሜን ይያዝ። ከማራያ ጋር የሠሩት «ዋን ስዊት ዴይ» 16 ሳምንት አንደኛ ነበር። መጨፈር ከሆነ ባክስትሪት ቦይስ። ልጆቹ ከፍሎሪዳ ቢሆኑም ዘፈኑ የተሠራው ስቶክሆልም ነው። ታሪኩ ደስ ይለኛል። ዴኒዝ ፖፕ የሚባል ስዊድናዊ ዲጄ ከናይጄሪያዊው የጥርስ ሐኪም ከዶክተር አልባን ጋር ይሠራል። አዎ፣ ዶክተርነቱ የምር ነው። ቀጥሎ ኤስ ኦፍ ቤዝን ይሠራል። ከዚያ ማክስ ማርቲን የሚባል ልጅ ሥሩ ይቀጥራል። ያ ልጅ ነው በኋላ የባክስትሪት ቦይስን ትልልቅ ዘፈኖች የጻፈው። ዘፈኖቹ ለምን ይመሳሰላሉ ብላችሁ ከሆነ ማዕድ ቤቱ አንድ ስለሆነ ነው። ስፓይስ ገርልስ? ለልጆች ልደት። ብዙ አልልም።

ካንትሪ፦ ጋርዝ ብሩክስ ወይስ ሻናያ ትዌይን? አባታችሁ ኬኒ ሮጀርስና ዶን ዊልያምስ እያለ ያሳደጋችሁ ከሆነ ጋርዝ ብሩክስ ይቀርባችኋል። ሳውንድስካን በመጣ ዓመት «ሮፒን ዘ ዊንድ» የተባለው አልበሙ በወጣ ሳምንቱ አንደኛ ሆነ፤ ለካንትሪ የመጀመሪያው ነበር። ሻናያ የካናዳ ልጅ ናት። «ከም ኦን ኦቨር»ን (1997) ያቀናበረላት የያኔው ባሏ መት ላንግ ነው፣ ኤሲ ዲሲ ለተባለው የሮክ ባንድ ያቀናበረው። ስለዚህ ባርኔጣው ካንትሪ ነው፣ ከበሮው ሮክ።

ሌሊት ለሚሠራ ሰው ብሪስቶል የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሁለት ስጦታ አላት። ማሲቭ አታክና ፖርቲስሄድ የተባሉ ባንዶች። ማሲቭ አታክ ቤዙ ደረት ላይ ይቀመጣል፣ «ሜዛኒን»ን (1998) ሞክሩ። የፖርቲስሄድ «ደሚ» (1994) ደግሞ የድሮ ሸክላ ሲንጫጫ ያዘነች ሴት የምትዘፍንበት ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁና ከከፋችሁ ፖርቲስሄድን ተዉት፤ ይብስባችኋል።

ሬጌ ለሚል ቡጁ ባንተን፣ «ቲል ሻይሎ» (1995)። ራስታ ከሆነ በኋላ የሠራው ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቡጁ ሌላ ሰው ነው፤ አታምታቱ።

የእህቴ ልጅ መጨረሻ ላይ ሦስት ይዛ ሄደች። ዊትኒ፣ «ኢልማቲክ» እና የኒርቫናን «አንፕለግድ»። ረቡዕ ማታ መልእክት ላከችልኝ፦ «ጋሼ፣ ናስን ከመገናኛ ሜክሲኮ ሁለቴ ሰማሁት። መንገዱ ዝግ ነበር።» ዊትኒ ገና ናት። ጸጥታው ጋ ስትደርስ እንዳትነካው ነግሬያታለሁ።